ሠላሳ አምስት ደቂቃ በአየር

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነበርኩ። ሙቀት ዘጠኝ። ነፋስ የለም ማለት ይቻላል፤ የነፋሱ ከረጢት እንደ ታጠበ ካልሲ ተንጠልጥሏል። ደመና የለም። የውሃ ጋኑ ይታያል፤ ከጋኑ ኋላ ያለው ኮረብታም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጫማዬ በጤዛ ራሰ። እንደ ሁልጊዜው።

ከዚያ ስልኩ።

«ነፋስ ዜሮ። እይታ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ። ደመና የለም።»

«ተቀብያለሁ።»

«ሌላ?»

«የለም።»

ዘጋው። ሌላው ሰው ወንድሙን በስልክ ሲያገኝ «እንዴት አደርክ» ይላል። እኔና ወንድሜ ግን አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ነው የምንተዳደረው። እሱ ወዲያኛው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ እኔ እዚህ የአየር ጠባይ ተመልካች። በመካከላችን በአየር መቶ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሜትር። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ።

አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ላይ አረፈ። አሥራ አራት ሰው አወረደ፣ አሥራ አንድ ይዞ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ምንም የለም።


ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ኃላፊው ሰብስቦ ወረቀት አነበበልን። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም፤ ሲከፋው እንደዚያ ነው።

ከኅዳር 28 በኋላ በእኛና በወዲያኛው ከተማ መካከል በረራ የለም። አዲሱ መንገድ አልቋል፤ ተራራውን በስተው አሳልፈውታል። በመኪና አሥራ አንድ ሰዓት የነበረው አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ታዲያ ማን ይሳፈራል? የወዲያኛው ማረፊያ ጭራሽ ይዘጋል። የእኛ ግን በሽተኛ ለሚያመላልስ ትንሽ አውሮፕላን ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ እኔ አለሁ።

ትኬት ቆራጯ እጇን አወጣች። «እኔስ? ለዝንብ ትኬት ልቁረጥ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች... ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

የወዲያኛው ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ ይባላል። ወንድሜ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰምቶ ይሆን? ከሰዓት ደወልኩ።

«ነፋስ ከምሥራቅ፣ አምስት።»

«ተቀብያለሁ።»

ድምፁ ያው። ምን እንዲል ጠብቄ ነበር?


ኅዳር 7፣ ዓርብ

ሰባት በረራ ቀርቷል ብዬ ነበር። ትኬት ቆራጯ አረመችኝ፦ ዘጠኝ። «ሞቱን ለማፋጠን ምን አጣደፈሽ?» አለችኝ።


ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ተረኛ አልነበርኩም። ግን ሄድኩ። ቤት ምን አለኝ?

የድሮው የጥበቃ ቤት ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። እኛ ያደግነው እዚያ ነው። አባታችን የማኮብኮቢያው ጠባቂ ነበር፤ በብስክሌት እየዞረ ውሻና ፍየል ያባርራል። እናታችን መንገደኞች በሚጠብቁበት አዳራሽ ጥግ ሻይ ትሸጣለች። ሁለት ጠረጴዛ፣ ስምንት ወንበር፤ አንዱ ወንበር እግሩ አጭር ስለሆነ «የአማች ወንበር» ትለዋለች፤ የማትወደውን ሰው እዚያ ላይ ታስቀምጠዋለች።

የአባባ ስልክ ሲጮህ ሁለታችንም እንሮጣለን። አባባ አንድ ቃል ሰምቶ ይዘጋል። «ተነሳ» ይለናል፣ አውሮፕላኑ ከወዲያኛው ከተማ። ወንድሜ የአባባን ሰዓት ተቀብሎ መቁጠር ይጀምራል። ያኔ አውሮፕላኑ የቆየ ነበር፤ አርባ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ወንድሜ ግን ደመናውን አይቶ፣ ነፋሱን አሽትቶ፣ «ዛሬ አርባ አራት» ይላል። ይደርስለታል! መንገደኞቹ ይስቃሉ። ስሙን «ደቂቃ» አሉት። እኔን ደግሞ አባባ «ጭራ» አለኝ። ከወንድሜ ኋላ ስለማልጠፋ።

አንድ ጨዋታ ነበረን። እሱ ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ ይሄዳል፤ ያ ወዲያኛው ከተማ ነው። እኔ እዚህ እቀራለሁ፤ ይሄ የኛ ከተማ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልባል፤ ተነሳሁ ማለቱ ነው። እጁን ክንፍ አድርጎ፣ በአፉ እየጮኸ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ ይመጣል። እኔ ሥራዬ እጄን ዘርግቼ ማሳረፍ ነው። አንድ ቀን መቆም አቅቶት ጣለኝ፤ ክርኔ ተላጠ። እማዬ ቁስሉን እያጠበች፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ፣ «አውሮፕላን ገጨኝ» አልኳት። ምድጃው ላይ ሻይ እስኪገነፍል ሳቀች።

ያ ሳቋ... ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነበር የምንስቀው። አሁን እኔ ብቻዬን ስስቅ እማዬን እሰማታለሁ። እሱስ ሲስቅ ይሰማት ይሆን? ይስቃል?


ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ዛሬ ጉም ነበረ። ቀላል ነው፣ በአንድ ሰዓት ተገፈፈ። ግን ጉም ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

እማዬ የሞተችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ። ለወንድሜ ወዲያው ደወልኩለት። «በጠዋቱ እመጣለሁ» አለኝ። ያኔ አውሮፕላኑ በየቀኑ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ገባሁ። ምትክ አልነበረኝም፤ እማዬን ከጎረቤቶች ጋር ትቼ ነው የወጣሁት። በሩን ስከፍት ዓለም የለም። ሁሉ ነጭ። አውሮፕላኑ ለማረፍ ቢያንስ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር እይታ ይፈልጋል፤ ይህም የውሃ ጋኑ ማለት ነው። ጋኑ የለም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ እሱ ዘጠኝ መቶ ነው። ዘጠኝ መቶ ብዬ ጻፍኩ። ደወልኩ።

ወንድሜ፣ «እንደገና እይ» አለኝ።

አየሁ። ዘጠኝ መቶ።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ በይ።»

«አልታየኝም።»

«አብራሪው ይህንን ሜዳ በልቡ ያውቀዋል። አንድ ቁጥር ነው! እናታችን ናት።»

«ሃያ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው፣ ወንድም ጋሼ።»

ዘጋብኝ። አራት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ወደ ሌላ መስመር ተላከ። አምስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈ፤ ፀሐይዋ እንዴት እንደምታምር! ልሰድባት ፈለግሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬን ቀበርናት። ወንድሜ በጭነት መኪና ሐሙስ ጠዋት ደረሰ፤ አቧራ ለብሶ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጉምሽ ተገፈፈልሽ?» አለኝ። መቃብሩን አይቶ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ። «ተቀብያለሁ።»


ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ትናንት የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን ሙሉ አይደለም።

ለራሴ በምጽፈው ደብተር እንኳ እዋሻለሁ?

ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ፣ በረራው ሲቀር፣ አጎታችን በእግሩ ጣቢያ ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ «ልጄ፣ ቀብሩ ነገ ይሁን እንዴ? ልጁ በመኪናም ቢሆን ይደርሳል። አንድ ቀን ምን አላት?» አለኝ። እኔ፣ «አይሆንም። ዛሬ ይሁን» አልኩ። «ለምን?» አላለኝም። ትልቅ ሰው ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይመረመርም ብሎ ይሆናል።

ለምን? ደክሞኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ድካም አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ዋሺ ስላለኝ። ሃያ ሰው ጉም ውስጥ ክተቺ ስላለኝ። ሃያ ጊዜ «አንድ ቁጥር ነው» የሚለው ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። ይቅርበት አልኩ። ይቅርበት!... እንደዚህ ነው ያልኩት፣ በልቤ።

አጎታችን ሞቷል። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ «ጉሙ ነው ያጣላቸው» ይላል፤ እኔም እጄን አጣጥፌ ከጉሙ ኋላ ተደብቄያለሁ።


ኅዳር 17፣ ሰኞ

ትኬት ቆራጯ ጋ ሻይ ጠጣሁ። ዕቃዋን በካርቶን እያደረገች ነው። ድንገት፣ «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሠርተሽ አንድ ቀን ትኬት ቆርጬልሽ አላውቅም» አለችኝ።

«ሥራ...»

«ምን ሥራ! ወንድምሽ እዚያ አይደለም? ሠላሳ አምስት ደቂቃ እኮ ነው። እኔ የባሌ እናት ቤት የምሄድበት በእግር አርባ ነው፤ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፣ ሳልወዳት።»

ሻዬን አማሰልኩ።

«ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለችና ብዕሯን አነሳች። «መቼ ልጻፍልሽ?»

«ተይኝ።»

«ረቡዕ 26 ሄደሽ፣ ዓርብ 28 ትመለሻለሽ። በመጨረሻው በረራ። ተመልሰሽ ስትመጪ አብረን መብራቱን እናጠፋለን።»

ጻፈችው! ፈቃዴን ሳትጠይቀኝ፣ በዚያ ዶሮ በጫረው ጽሕፈቷ። አሁን ትኬቱ እፊቴ ነው።


ኅዳር 19፣ ረቡዕ

«ነፋስ ከምሥራቅ ስድስት። እይታ ከአሥር በላይ። ደመና የሰማዩ ሁለት ስምንተኛ።»

«ተቀብያለሁ። ሌላ?»

«አለ።»

አሥራ ሁለት ዓመት «አለ» ብዬው አላውቅም።

«የፊታችን ረቡዕ እመጣለሁ።»

«በሥራ?»

«አይደለም።»

ከኋላው የሬዲዮው እርርር የሚል ድምፅ ብቻ።

«...ተቀብያለሁ» አለ።


ኅዳር 24፣ ሰኞ

ምን ይዤ ልሂድ? ሹራብ ገዛሁለት። ከዚያ ልኩን እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ወፍሮ ይሆን? በድምፅ አይታወቅም።


ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ከወንድሜ ቤት፣ ከእንግዳ ክፍል።

ጠዋት የራሴን አየር ራሴ ለካሁ፤ ጥርት ያለ ነበር። መዝገቡን ለኃላፊው አስረክቤ ተሳፈርኩ። አብራሪው በሩ ላይ አይቶኝ፣ «ዛሬ የተናገርሽውን ራስሽ ልታይው ነው?» አለኝ።

ሜዳውን ከላይ ሳየው... ትንሽ ናት! እኛ እስክንደክም የሮጥንባት ማኮብኮቢያ እንደ ልብስ መቀነት ቀጥናለች። የውሃ ጋኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጥበቃ ቤቱ ግድግዳ። ሁሉን በጣቴ መሸፈን ይቻላል። ከዚያ ተራራው መጣ። አዲሱ መንገድ እንደ ጠባሳ ይታያል፤ ተራራው ሆድ ውስጥ ይገባና በወዲያ በኩል ይወጣል። ድሮ መኪናዎች የሚዞሩበት ጥምዝምዝም አለ። ያን ዕለት ወንድሜ በዚያ ላይ ነው የመጣው። ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ኩርባ ላይ ስደርስ ደመና ሸፈነው።

ገና ጭንቀቴን ሳልጨርስ ወረድን። ምን የሚሉት ርቀት ነው ይሄ? ሰው የሚናገረውን እንኳ አያሰናዳበትም።

ወንድሜ ከሬዲዮ ክፍሉ ወጣ፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ። ፀጉሩ ነጭ ነው። ቁርጥ አባባን! መሀል መንገድ ላይ ቆምን። ማን መጀመሪያ እንደሚናገር የጠፋን ይመስለኛል።

«ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ፈጀባችሁ» አለኝ። «ፊት ለፊት ነፋስ ነበረ?»

«ነበረ። ከተራራው በላይ።»

«ገምቼ ነበር።»

ሻንጣዬን ተቀበለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሚስቱን በሠርጋቸው ቀን ብቻ ነበር ያየኋት። በሩ ላይ አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። «ምነው ቆምሽ፣ ግቢ እንጂ! ድምፅሽን ልጆቼም ያውቁታል። ቤታችን እኮ ከጣቢያው አጥር ጥግ ነው፤ ስልኩን በማጉያ ነው የሚያዳምጠው፣ መስኮቱ ከተከፈተ እሰማሻለሁ። ብርድ የያዘሽ ቀን ሳይቀር አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ‹ጭራ ዛሬ አሟታል› ብሎኝ ይገባል።»

ጭራ ይለኛል? እዚህ፣ እኔ ሳልሰማ?

ሹራቡ ጠበበው። እንዲያም ሆኖ ለብሶት ዋለ።


ኅዳር 27፣ ሐሙስ

ነገርኩት።

በረራ የሌለበት ቀን ስለሆነ ከሰዓት ማኮብኮቢያው ላይ በእግር ወጣን። ሣር በስንጥቁ በቅሏል። እሱ በእግሩ እየነካካ ያያል። «ከወር በኋላ ፍየል ይበላዋል። አባባ ቢያይ ያለቅሳል» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። እውነት ነው፤ ሲስቅ እማዬ አለች።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። እንዴት ደስ የሚል ቀን ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር አለኝ።»

«ስለ ጉሙ ከሆነ ተይው። ቁጥሩ ትክክል ነበር። እኔም ብሆን ያንኑ እጽፍ ነበር። ያኔም ገብቶኝ ነበር፤ አፌ ነው እንቢ ያለው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ለመስማት ነው የቆየሁት። ስሰማው እንዴት እንደ ከበደኝ!

«ስለ ጉሙ አይደለም» አልኩት። «አጎታችን ቀብሩ ነገ ይሁን፣ አንተ እስክትደርስ እንጠብቅ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ዛሬ ይሁን ያልኩት።»

ቆመ።

«ለምን?»

«ተናድጄብህ ነበር። ዋሺ ስላልከኝ።»

ወደ ተራራው አየ። ይጮሃል ብዬ ነበር። ድምፁ እንደ ሬዲዮው ሆነ፤ ቀጭን፣ ሩቅ።

«እኔ ላይ ተናደሽ፣ እናቴን ቀበርሽብኝ።»

ትቶኝ ሄደ። ያን ሁሉ ማኮብኮቢያ፣ ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ዞር ሳይል። መሀል ላይ ቆሜ ጀርባውን ሳይ ቆየሁ።

ራት ላይ አልመጣም። ሚስቱ ሾርባ ቀዳችልኝ። «ሳይናደድ የሚቀር መስሎሽ ነበር?» አለችኝ።

«አይ።»

«እንግዲያው ነገርሽው። ከዚህ በኋላ የሱ ፋንታ ነው። ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»


ኅዳር 28፣ ዓርብ

የመጨረሻው በረራ። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። አንድ ሽማግሌ የአውሮፕላኑን መወጣጫ በእጁ ዳሰሰው፤ የደህና ፈረስ አንገት እንደሚዳሰስ።

ወንድሜ ከሬዲዮ ክፍሉ አልወጣም። በመስታወቱ በኩል ራሱን ብቻ አየሁ፤ አጎንብሶ ይጽፋል። እጄን አነሳሁ። አላየም። ወይም አየ።

አብራሪው በድምፅ ማጉያ፣ «ርቀታችን መቶ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ ሠላሳ አምስት ደቂቃ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ለመጨረሻ ጊዜ» ብሎ ጨመረ። መንገደኛው አጨበጨበ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ አለቀስኩ፤ ለአንድ ልቅሶ የሚበቃ ጊዜ ነው። ስንወርድ ጨርሼ ነበር።

ኃላፊውን ጠየቅሁት። «ወዲያኛው ጣቢያ ደውሎ ነበር?»

«አዎ፣ ‹ተነሳ› አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ምን ሌላ?»

አውሮፕላኑ ባዶውን ወደ ዋናው ከተማ ሄደ። ትኬት ቆራጯ እስኪጠፋ መሀረብ አውለበለበች። ከዚያ መሀረቡን አፍንጫዋ ላይ አዋለችው። መብራቱን አብረን አጠፋን፣ እንዳለችው።


ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

ሙቀት ሰባት። እይታ ከአሥር በላይ። ስልኩን አነሳሁ... ቁጥሩን ግማሽ ድረስ መታሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ወዲያ ማዶ ማን አለ?

አሁን ኮምፒውተር ላይ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር «ተቀብያለሁ» አይልም።


ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

ምንም።


ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

እያሰብኩ ነው። የነገርኩት ለሱ ነው ወይስ ለራሴ? ሸክሜን አራግፌ እሱ ላይ ጫንኩበት? እሱ ከጉም ጋር ተጣልቶ ይኖር ነበር፤ ጉም ደግሞ ማንም አይደለም። አሁን ግን እኔ ነኝ። እኔ፣ ፊት ያለኝ።

ግን ደግሞ... እያወቅሁ አብሬው ልስቅ ነበር? በየዓመቱ እየሄድኩ፣ ሹራብ እየገዛሁ?

ቤቱ ልደውል ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። የሱ ፋንታ ነው ብላኛለች ሚስቱ። ተቀመጥኩ።


ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ልብስ አጥቤ እያሰጣሁ በሩ ተንኳኳ። የውሃ ሒሳብ ሰብሳቢው መስሎኝ በሳሙና እጄ ከፈትኩ።

ወንድሜ። ጉልበቱን እያሻሸ።

«አራት ሰዓት ከአርባ» አለኝ። «ከሩብ የሚሉት ውሸታቸውን ነው። ሹፌሩ ሁለት ቦታ ቆሞ ሽንኩርት ገዛ።»

«ግባ...»

«አልገባም። መጀመሪያ እማዬ ጋ ውሰጂኝ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። በሩን እንኳ አልቆለፍኩም። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ፣ መሬት ላይ፣ በደህናው ሱሪው። ደረቁን ሣር ነቃቅሎ በአንድ በኩል ከመረ። እኔም በሌላው በኩል ነቀልኩ። ስንጨርስ ተናገረ፤ ወደኔ አላየም።

«ማክሰኞ ማታ የጭነት መኪና ነበረ።»

አልገባኝም።

«የሞተች ዕለት። ጎረቤቴ ሹፌር ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሊነሳ ሲል ሰምቶ መጣ። ‹ና፣ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለ፣ ሲነጋ እናትህ ጋ ነህ› አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ‹ሌሊቱን ሙሉ ምን አንከራተተኝ፣ ጠዋት በሠላሳ አምስት ደቂቃ እደርስ የለ?› አልኩት። ሄደ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ገብቷል። ሲመለስ ነገረኝ፤ ጉሙ እንኳ አልያዘውም።»

ከከመረው ሣር አንዱን መዞ በጣቱ ጠቀለለው።

«ለሚስቴ እንኳ አልነገርኩም። ጉም ነው፣ እህቴ ናት እያልኩ... አንቺ ያን ስትነግሪኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እፎይታ። እንኳን ሌላ ጥፋተኛ ተገኘ አልኩ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ እሱ ነው።»

እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ። አላራገፈውም።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ተናዶ መምጣት እንደሚቻል ግን አላውቅም ነበር። ወይ እታረቃለሁ፣ ወይ እቀራለሁ ነበር የሚመስለኝ።»

ስንመለስ በሩ ወለል እንዳለ ነው። የጎረቤት ድመት ወንበሬ ላይ ተኝታለች። እሷን አስነስቶ ተቀመጠ።


ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ሚስቱ ደወለች። «ታረቃችሁ?» አለችው። «እየተጨቃጨቅን ነው» አላት። ስትስቅ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

የጭቅጭቁ ምክንያት መስኮት ነው። እሱ ተከፍቶ ይደር ይላል፣ እኔ ይበርደኛል። እስከ ሐሙስ ይቆያል። በጥር እኔ እሄዳለሁ፤ በአውቶቡስ። ቀኑን ቆርጠናል።


ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ጠዋት አብሮኝ ሜዳው ላይ ወጣ። ደመናውን አይቼ ሦስት ስምንተኛ ብዬ ስጽፍ፣ ከኋላዬ ሆኖ «አራት ነው» አለኝ። ሦስት ነበር። ትቼው ሦስት ጻፍኩ።

ከሥራ ስመለስ ቧንቧዬን አጥብቆልኛል፤ አይንጠባጠብም። ሾርባ ሠራሁ። ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ንገሪኝ» አለኝ።

«ምን?»

«ያን ቀን። ቀብሩን። ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።»

እኔንም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጎረቤቶች ፀጉሯን እንዴት እንዳበጠሩላት። ሰማያዊ ሹራቧን እንዳለበስናት፣ አንድ ቁልፉ ጠፍቶ ከራሴ ቀሚስ ቆርጬ እንደተከልኩለት። የማረፊያው ሠራተኞች በሙሉ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ እንደመጡ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እንደተሸከሟት፣ ለአውሮፕላኑ ነዳጅ የሚሞላው ሰው እንዳነከሰ፣ ግን ተራዬን ለማንም አልለቅም እንዳለ። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ መሬቱ እርጥብ ስለነበር ቆፋሪዎቹ «ለስላሳ ነው፣ አይከብዳትም» እንዳሉ። አንድ የማላውቀው መንገደኛ፣ ሻንጣ የያዘ፣ «ብዙ ጊዜ ሻይ ቀድታልኛለች» ብሎ ከኋላ ቆሞ ሲያለቅስ እንደነበር። አጎታችን ለወንድሜ ብሎ አጠገቤ ባዶ ቦታ እንዳስቀረ፣ ማንም እንዳይቆምበት።

እዚህ ላይ አቆምኩ።

ሾርባው ቀዝቅዟል። ወንድሜ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ቀጥይ» አለኝ።

ቀጠልኩ።